ጠቅ ትላለች እንጂ አትነሳም

ሰሞኑን "ያቺ መኪና ምን ሆና ነው ስትገፋ የከረመችው?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆናችሁ በቪዲዮ ለቀረጻችሁኝ የ9ኛ ክፍል ልጆች (አይቼዋለሁ፤ ሙዚቃ የጨመረበትንም አውቄዋለሁ)፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ከነሙሉ ታሪኩ ልጽፈው ነው። ረጅም ነው። ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ መኪናዋን ለማታውቁ። ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ እኛ ዲኤክስ የምንላት። እኩያዬ ናት ብል ብዙ አልዋሸሁም። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ታክሲ ሲሠራባት ኖሮ፣ ወደ ውጭ ሲሄድ "ሸጠህ እንዳትበላት፣ እማዬን አመላልስባት" ብሎ ቁልፏን ሰጠኝ። በመምህር ደሞዝ፣ ያውም በዲፕሎማ ደሞዝ፣ መኪና ገዛ እንዳትሉኝ ነው ይሄን የምናገረው።

ደብረ ብርሃን ይዣት ስመጣ ገና ሰማያዊና ነጭ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰው "ታክሲ!" እያለ እጁን ያወጣብኛል። ተማሪዎቼ ያያሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት የኋላውን በር ከፍተው ገቡና "ጠባሴ አድርሰኝ" አሉኝ። አደረስኳቸው። ሒሳብ አልተቀበልኩም፣ ግን በልቤ ተናድጄ ነበር። በዚያው ወር ቀለም አስቀየርኳት። ግራጫ። ቀቢው "ውጪውን ብቻ ልቀባልህ፣ ውስጡን ማን ያየዋል" ሲለኝ፣ "የለም፣ ኮፈኑን ከፍተህ ውስጡንም ቀባልኝ፣ ሰማያዊ የሚባል ነገር እንዳላይ" አልኩት። ገንዘብ ለመቆጠብ የውስጡን ዕቃ የፈታሁትም መልሼ ያሰርኩትም እኔው ነኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ጫጫ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶባታል። ለማታውቁት፣ የዓይን ሞራ ማለት የዓይናችን ሌንስ እየደፈረሰ ሄዶ ብርሃን እንደ ልብ አላሳልፍ ሲል ነው። በቀዶ ሕክምና የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል፤ ብዙ ጊዜም አይፈጅም። ግን ተራ ማግኘቱ ነው ጭንቁ። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከተማችን ውስጥ የነፃ ሕክምና ዘመቻ ይካሄዳል ተባለ። ምዝገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ይዘጋል። እኔ ከዋዜማው ሄጄ እናቴ ዘንድ አደርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች። "ሐኪም ፊት እንዴት ባሮጌ እቀርባለሁ" ብላ።

የሰሜን ሸዋን ታኅሣሥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ አመዳይ ጋግሯል። በእጄ ፍቄ ገባሁ፣ እናቴን ከኋላ አስቀመጥኳት፣ ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ።

በቃ ይኸው ነው። አንድ ጠንካራ ጠቅታ፣ ከዚያ ጸጥታ። እንደገና አዞርኩ። ጠቅ። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ ክላክሱ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሞተሩ ግን አይዞርም።

አሁን የማወራው ክፍል ደስ አይለኝም። ሦስት የጎረቤት ወጣቶች ወደ አውድማ ሊሄዱ ሲያልፉ አዩኝና "ጋሼ እንግፋት?" አሉ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። መኪናዋ በእጅ የምትቀየር ማርሽ ናት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ፣ ስትንደረደር መልቀቅ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። እኔ ምን አልኩ? "ቆይ፣ መጀመሪያ ችግሩን ልወቀው።"

የፊዚክስ መምህር ነኛ! ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ቴስተር አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ስልኬን በጥርሴ ይዤ እያበራሁ ባትሪውን ለካሁ። 12.5 ቮልት። ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። ለልጆቹም "አያችሁ፣ ባትሪው ደህና ነው" ብዬ አስረዳኋቸው። በዚያ ብርድ፣ ሰው አውድማ እየጠበቀው፣ ስለ ቮልቴጅ አስተማርኳቸው። ከዚያ የባትሪውን ራሶች ፈታሁ፣ ፋቅኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ጠቅ። ፊውዝ አየሁ። ጠቅ። እናቴ ከኋላ ሆና "ልጄ፣ ይግፉልህና እንሂድ" አለች። "እማዬ፣ አንዴ ታገሺኝ፣ አሁን አገኘዋለሁ።" ልጆቹ ትንሽ ቆመው ሄዱ። ምን ያድርጉ።

ስንት ሰዓት እንደሄደ የታወቀኝ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ሮጬ ሄጄ ልጆቹን ከአውድማው ጠርቼ አመጣኋቸው። ገፏት። ገና አሥር ሜትር ሳትሄድ ድርድር ብላ ተነሳች። የምዝገባው ቦታ ስንደርስ 2 ሰዓት ከ20 ሆኗል። ቁጥሩ ሞልቷል። ማንንም አልወቅስም፣ ሠራተኞቹ በጨዋ ደንብ ነው ያስረዱን፤ ከኛ በኋላም ብዙ ሰው መጥቶ ተመልሷል። ስሟን ለሚቀጥለው ያዙላት። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

እናቴ "እግዜር ያላለው ነው" አለች። ስንመለስ ብዙም አላወራንም። ጫጫ ልንደርስ ስንል ብቻ፣ ቁጣም ነቀፋም በሌለበት ድምፅ፣ "ባትሪው ደህና ነው አልክ አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ እማዬ።" "ደግ።"

ጥፋተኛ የሆነ ሰው ገንዘብ ማውጣት ይወዳል። በማግሥቱ ሄጄ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ራሴ ለክቼ ደህና ነው ያልኩትን ባትሪ ትቼ፣ ከወር ደሞዜ የሚበልጥ ብር አውጥቼ፣ ከባልደረባ ተበድሬ። ለምን? "ዲኤክስ ጠቅ ካለች ባትሪ ነው" አሉኝ፣ አመንኩ። ባትሪው ሲገባ መኪናዋ እንደ ሚዳቋ ነው የተነሳችው። አያችሁ አልኩ። ዘጠኝ ቀን ሠራች። በአሥረኛው ቀን፣ እናንተ በቪዲዮ ያያችሁት ቀን ማለት ነው፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠቅ።

ቀጥሎ ጋራዥ። እዚያ ደግሞ "ሞተሪኖው ነው" አሉ። ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን መጀመሪያ አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ተፈታ፤ ካርቦኖቹ አልቀዋል ተባለ፣ ተቀየሩ። ሌላ ብር። ሁለት ሳምንት ሠራች፣ ከዚያ እንደገና ጠቅ። አንዱ ረዳት ከሥር ገብቶ ሞተሪኖዋን በመዶሻ እጀታ ቆግ ቆግ ሲያደርጋት ተነሳች። ስለዚህ "ሲመታ የሚነሳ ከሆነ ሞተሪኖ ነው፣ ሙሉውን ቀይረው" ተባልኩ። ዋጋውን ስሰማ መኪናዋን አጥር ግቢዬ አቁሜ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በዚህ መሃል እናቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሳልሄድ ቀረሁ። ሚኒባስ ጠፍቶ አይደለም። አፍሬ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ስሙን አልጽፍም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰባት ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር። ሬዲዮ ፈትቶ ይዞ መጥቶ እኔ ስለ ኦም ሕግ ሳስተምር ከዴስክ ሥር ይነካካል። አንድ ቀን ያዝኩት። እጁ ላይ ትንሽዬ ካቻቢቴ ነበረች። ከፍ አድርጌ ለክፍሉ እያሳየሁ "አንተን እንኳ ፊዚክስ ሳይሆን ካቻቢቴ ነው የሚያዋጣህ" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ካቻቢቴዋን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት፣ ዓመቱ አልቆም አልመለስኩለትም። ልጁ በዚያው ዓመት መጨረሻ ትምህርቱን ተወ።

አሁን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በትንሽ ቆርቆሮ ቤት ጀምሮ ዛሬ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። ጓደኛዬ "እሱን አምጣው እንጂ" ሲለኝ ስንት ጊዜ "እሺ" ብዬ ዝም እንዳልኩ። በመጨረሻ ጓደኛዬ እራሱ ደውሎ ላከብኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት እሱ ነው። "ቲቸር፣ እንደምን አደሩ" አለኝ። መዳፉ ጥቁር ስለሆነ ክንዱን ሰጠኝ፣ ክንዱን ጨበጥኩት።

ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ። ይሄ ነገር ገርሞኛል። እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት ኮፈን ነበር።

"ቲቸር፣ ጠቅታው አንድ ነው ወይስ ጠጠጠጠጥ ይላል?"

"አንድ ነው።"

"ሲገፋ ይነሳል?"

"ወዲያው።"

"የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ሲያዞሩ መብራቱ ይደክማል?"

"አይደክምም፤ እንዳለ ነው።"

"ታዲያ ባትሪ ይግዙ ያለዎት ማነው?" መልስ አልጠበቀም፣ እኔም አልመለስኩም።

እሱ በሁለት ቃል የገለጸልኝን እኔ ትንሽ ላብራራው፤ ልማዴ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተቀመጠ ሶሌኖይድ የሚባል የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ፤ ብረት ስቦ ትልቁን የኤሌክትሪክ መንገድ ይዘጋል። "ጠቅ" የሚለው እሱ ነው። ጠቅታ ሰማችሁ ማለት ቁልፉ ሠርቷል፣ ትንሿ ሽቦ ሠርታለች ማለት ነው። ቀሪው ጥያቄ ትልቁ ኤሌክትሪክ ለምን አልመጣም የሚለው ነው። ቶሎ ቶሎ ጠጠጠጠጥ ካለ፣ ማግኔቱ ይስባል፣ ጭነቱ ሲመጣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ቮልቴጁ ያገግማል፣ እንደገና ይስባል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ራስ ነው። አንድ ጠቅታ ብቻ ሆኖ የፊት መብራቱ በጣም ከፈዘዘ አሁንም ባትሪውን ወይም ራሶቹን ጠርጥሩ፤ የታነቀ ሞተሪኖም ሊሆን ይችላል። አንድ ጠቅታ ሆኖ መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን፣ ያ ሁሉ አምፔር ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ የዘጋው ነገር አለ። ሲገፋ ወዲያው ከተነሳ ደግሞ ነዳጁም፣ ካንዴላውም፣ ሞተሩ ራሱም ጤነኛ ናቸው።

ይሄን ሁሉ እኔ በዚያ ብርድ ሌሊት በዓይኔ አይቼ ነበር። መብራቱ እንዳልደከመ አይቻለሁ። ሲገፋ እንደተነሳ አይቻለሁ። አንብቤ ማገናኘት አልቻልኩም።

ልጁ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን አየና "ይግቡና ሦስት ሰከንድ ያዙልኝ" አለኝ። ያዝኩ፤ ጠቅ። "ይድገሙልኝ።" ጠቅ። ከዚያ "ቲቸር፣ ይምጡ፣ ይሄን ይንኩት" አለኝ። የነዳጅ መስጫው ቀጭን የብረት ገመድ ነው፣ ከእግር ፔዳሉ ተነስቶ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደው። ነካሁት።

ይሞቃል!

ብርድ ነው፣ ሞተሩ አልተነሳም፣ መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ ቆማለች። ታዲያ ይሄ ሽቦ በምን ሞቀ? ልጁ ፈገግ ብሎ ዝም ብሎ ያየኛል። ልክ እኔ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ጽፌ ተማሪ እንደማየው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጀርባዬን ውርር አደረገኝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ በሞተሪኖው በኩል ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። መመለሻው የሞተሩ ብረት ነው፤ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል፣ ከአካሉ ወደ ባትሪው የሚያገናኝ ወፍራም ካቦ አለ፣ እነሱ ማሳ የሚሉት። ያ መንገድ ከተዘጋ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ያገኘው ያቺን ቀጭን ገመድ ነው። ለዚህ ያልተሠራች ገመድ ያን ሁሉ ልትሸከም ስትታገል ሞቀች።

"ማሳ ነው" አልኩ። "ማሳ ነው" አለ። "እንየው።" ከመኪናው ባትሪ የሚያቀባብሉበትን ካቦ አወጣ፤ አንዱን ብቻ ወስዶ፣ ጫፉን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ነከሰው። "ያስነሱ።" አዞርኩ። ድርድር! አዲሱ ባትሪ፣ አዲሱ ካርቦን፣ የመዶሻው ዱላ፣ ያ ሁሉ ብር፤ አንድ ሽቦ ለአምስት ሰከንድ ነክሶ ፈታው።

አላመንኩም ብዬ ሳይሆን፣ ማየት ስለፈለግኩ ቴስተሬን አመጣሁ። ካቦውን አነሳው። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ስናደርገው 12.5። "ይሄን ነው ያዩት" አለኝ። ከዚያ ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ሞተሩ ብረት ላይ አደረገ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው፤ በመካከላቸው ልዩነት መኖር የለበትም። ቁልፉ ሳይዞር ዜሮ ይላል። "አሁን ያዙሩ።" ጠቅ። 7.1 ቮልት። ደህና ማሳ ቢሆን ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። ሞተሪኖው ሊያገኘው ከሚገባው ውስጥ ከግማሽ በላዩ እዚያች የተበላሸች መገናኛ ላይ እየቀረ ነበር።

እሱ "ለምንድነው ግን ሳይዞር ዜሮ የሚለው? ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ኮፈኑ ላይ አቧራ ነበር፤ በጣቴ ጻፍኩለት። ቮልቴጅ እኩል ይሆናል አምፔር ሲባዛ በኦም። ሞተሪኖው 100 አምፔር ቢስብ ብለን እንያዝ። መገናኛው 0.07 ኦም ብቻ ቢሆን፣ እንኳን በኔ ቴስተር በማንም ተራ ቴስተር በትክክል የማትለካ ቁጥር ናት፣ 100 ሲባዛ በ0.07 ይሄው 7 ቮልት ጠፋ። ቴስተሩ ግን ብቻውን ሲለካ የሚስበው አምፔር ከምንም አይቆጠርም። ምንም ሲባዛ በምንም፣ ዜሮ። ስለዚህ የበሰበሰው መንገድ ጤነኛ ይመስላል። ጭነት ሲመጣ ነው የሚታየው።

"እ" አለ። ኮፈኑን ለረጅም ጊዜ አየው። "ይሄ ሰሌዳው ላይ የነበረው ነው?"

"አዎ።"

"ያኔ በመኪና ቢነግሩን እኮ…" አለና ተወው።

ከሥር ገባ። ማሳው ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ፈታው። ፈትቶ ሲወጣ የካቦውን ጫፍ አሳየኝ፤ ግማሹ ክር ተበጣጥሷል፣ ቀሪው አረንጓዴ ሆኗል። ከዚያ ግን ብሎኑ የገባበትን ቦታ በባትሪ እያበራ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራጫ። የሚያብለጨልጭ፣ ወፍራም፣ የኔ ግራጫ ቀለም። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሰማያዊ እንዳላይ ብዬ ያስቀባሁት፣ ቀለሙ ላይ ካቦውን መልሼ በገዛ እጄ ያሰርኩት። በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ሲያልፍ ከርሞ፣ ውሃና ዝገት ሲገባው ቀስ በቀስ ተዘጋ። ባትሪ ሲቀየርም፣ ሞተሪኖ ሲፈታም፣ በመዶሻ ሲመታም ካቦው ስለሚነካካ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ሁላችንም ዳነ እንላለን።

"ይሄን ቀለም ቀብቶ ያሰረው ማን ነው?" አለኝ ልጁ፣ በስድብ ዓይነት ድምፅ። ጋራዥ ሰው እርስ በርሱ ሲቦጭቅ እንደሚያወራው።

"እኔ ነኝ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ፈቀው፣ አዲስ ወፍራም ካቦ አሰረ። እንደገና ለካን፤ 0.2። ያዝነው፣ ተነሳች፤ አጠፋናት፣ ተነሳች። አሥር ጊዜ።

ዕቃውን ሲሰበስብ ካቻቢቴውን አነሳና አቧራውን በሱሪው ጠርጎ፣ ሳያየኝ፣ "ካቻቢቴ ያዋጣል ቲቸር" አለ።

ብዙ ዓይነት ዝምታ አለ፤ ይሄኛውን አልመኝላችሁም። "ታስታውሰዋለህ?" አልኩት። "አስታውሳለሁ" አለ። ትንሽ ቆየና፣ "ትምህርት የተውኩት ግን እርስዎ ስላሉኝ አይደለም። አባቴ ሞቶ ነው። እንዲያ እንዳይመስልዎት። ግን አስታውሳለሁ።" አባቱ መሞቱን አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ እያስተማርኩት አላወቅኩም። ስሙ ከዝርዝሬ ሲጠፋ በቀይ እስክሪብቶ "የተወ" ብዬ ሰርዤ አለፍኩ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። "ኧረ ተውት ቲቸር" አለኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን ወሬው ይብቃን ማለቱ ለይቼ አላወቅኩም፣ ደግሜም አልጠየቅኩትም። ሒሳብ ስጠይቀው እንደማንኛውም ደንበኛ ቆጥሮ ነገረኝ፦ ካቦው ይህን ያህል፣ የእጄ 500። "ለርስዎስ ነፃ" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ አላለኝም። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ጫጫ ሄድኩ። እናቴ የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች። "ባትሪው ነበር?" አለችኝ። ቀለሙን ነገርኳት፤ በዚያ ሌሊት ልጆቹን ለምን እንዳልሰማሁም ነገርኳት። "ኩራት እኮ በአባትህም ነበር" ብላ ቡና ልታፈላ ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ዘመቻው ተመልሶ መጣ። ዋዜማውን ደብረ ብርሃን አሳደርኳት፤ መኪናም ቢሆን አልነካሁ፣ በባጃጅ ነው የወሰድኳት። የቀኝ ዓይኗ ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ ሐኪሙ ጣቶቹን አሳያት፣ ቆጠረች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየች፣ ቆየች፣ "ውይ፣ አንተ ልጅ ሸብተሃል እኮ" አለችኝ። የግራው ገና ተራ እየጠበቀ ነው።

ልጁን "ክፍሌ መጥተህ ይሄን ለተማሪዎቼ አሳይልኝ" ብዬው ነበር። "እዚያ ክፍል አልገባም" አለኝ፣ በፈገግታ ግን ቁርጥ አድርጎ። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዤ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ቴስተሩን ራሳቸው ያዙ፣ ቁልፉን ራሳቸው አዞሩ። ቀለም ያለበት ብረትና ቀለም የሌለበት ብረት ላይ ለኩ። አንዷ ልጅ ጫፉን አሳስታ አስቀምጣ "ዜሮ ነው" ስትል ልጆቹ ሳቁባት። እሱ አልሳቀም፤ "ድገሚው፣ ማንም አንድ ጊዜ ለክቶ አያውቅም" አላት። ካቻቢቴዋን ከመሳቢያዬ ፈልጌ ይዤለት ሄጄ ነበር። ተቀበለኝ፣ አየት አድርጎ "ይቺማ ለሬዲዮ ናት" ብሎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ይሄን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ላኩለትና "ስምህን አልጠራሁም፣ የሚያስከፋህ ነገር ካለ ላውጣው" አልኩት። ማታ መለሰልኝ። "ምንም የለም ቲቸር። ግን 7.1 አይደለም፣ 7.3 ነበር። የእጄም 600 ነው የከፈሉኝ።"